ሙቀትን የተዋጉ ሰዎች
በሸዋ ሮቢት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

 

የተጠየቅሁት ኮምፒውተርን ስለሠሩ ሰዎች እንድናገር ነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በፍጥነት ነው፤ እገሌ ፈጣን ማሽን ሠራ፣ እገሌ ደግሞ ከእሱ የባሰ ፈጣን ሠራ እየተባለ። እኔ ግን ይፋት ቆላ ላይ ቆሜ በዚያ በር መግባት አልፈለግሁም። በሙቀት በኩል ብንገባ ይሻላል። ስለ ሙቀት ለሸዋ ሮቢት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ሲናን አልፎ የወረደ ሁሉ ጃኬቱን የት ላይ እንዳወለቀ ያውቃል። ደግሞም እውነቱ ይኸው ነው። ኮረንቲ በሄደበት ሁሉ ሙቀት ይተዋል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማሽኑን ይገድለዋል። የኮምፒውተሩን የሚዳሰስ አካል፣ ሃርድዌር የምንለውን፣ ከሠሩት ሰዎች መካከል በጣም የማከብራቸው ከዚህ ጠላት ጋር የታገሉት ናቸው። ከእነሱም አንዱ የእኛው አገር ልጅ ነው። እሱ ጋ እስክንደርስ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የጥንቶቹን ቶሎ ልለፋቸው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ጥርስ የነሐስ መዘውር እየተሽከረከረ የሚያሰላ ማሽን ነደፈ፤ ዋናውን ማሽን ግን ሳይጨርሰው ሞተ። አሜሪካዊው ኸርማን ሆለሪዝ የተሻለ ቀናው። የአሜሪካ መንግሥት በ1880 ያደረገውን የሕዝብ ቆጠራ ደምሮ ለመጨረስ ዓመታት ፈጅቶበት ነበር። ሆለሪዝ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ ጾታና ሥራ በወፍራም ወረቀት ላይ በቀዳዳ አስመዘገበ። ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ መርፌዎች በቀዳዳዎቹ ያልፋሉ፣ ኮረንቲ ይገናኛል፣ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። የ1890 ቆጠራ የተሠራው በዚህ ነው። የሆለሪዝ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ በ1924 አይቢኤም ተባለ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን። በነገራችን ላይ እኛ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግነው በ1984፣ በእኛ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ነው።

ሙቀት በጉልህ የመጣው ከቫኪዩም ቱቦ ጋር ነው። ቫኪዩም ቱቦ አምፖል የሚመስል የብርጭቆ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ክር ካልጋለ አይሠራም። ቱቦው ኮረንቲን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ማስላት ማለት ደግሞ በመጨረሻው መክፈትና መዝጋት ነው። ችግሩ እንደ አምፖል መቃጠሉ ነው። አንድ ማሽን ሺህ ቱቦ ካለው በየሰዓቱ አንዱ እየሞተ እንዴት ይሠራል? የዘመኑ ሊቃውንት አይሆንም ብለው ነበር።

ይሆናል ያለው ቶሚ ፍላወርስ የሚባል የእንግሊዝ የፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው። የግንበኛ ልጅ ነበር። ከስልክ ማዞሪያ ሥራው አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ ቱቦ በአብዛኛው የሚሞተው ሲበራና ሲጠፋ ነው። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ክሩ ይጎዳል። አንዴ አብርተኸው ካልነካኸው ለረጅም ጊዜ ይኖራል። በዚህ እውቀት ተማምኖ በ1943 መጨረሻ 1,600 ያህል ቱቦ ያለውን ኮሎሰስን ሠራ፤ ማሽኑም የጀርመንን የጦር አዛዦች ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት አገለገለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራው ሁሉ ምስጢር ነው ተባለ። ንድፎቹን እሳት ውስጥ እንዲጨምር ታዘዘ፣ ጨመረ። በኋላ እንዲህ ያለ ማሽን ለመሥራት ከባንክ ብድር ሲጠይቅ፣ ይህ ሊሠራ አይችልም ብለው እንደመለሱት ይነገራል። ሠርቼዋለሁ ብሎ እንዳይከራከር አፉ በሕግ ታስሯል። ዓለም ስሙን የሰማው ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ስሙ የወጣለት ማሽን አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢኒያክ ነው። ለሕዝብ የታየው በየካቲት 1946 ነው። የፊዚክስ መምህሩ ጆን ሞችሊ አሰበው፣ ሥራው ሲጀመር ገና የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ፕሬስፐር ኤከርት መሐንዲስ ሆኖ ሠራው። 17,468 ቱቦ፣ ሠላሳ ቶን ያህል ክብደት፣ 150 ኪሎ ዋት ኃይል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እናቶቼ ከእኔ በላይ ይረዱታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይወስዳል። ኢኒያክን ማብራት እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አርባ ያህል ምጣድ ጥዶ ሌት ተቀን እንደ መጋገር ነበር፤ እንጀራ ግን አይወጣውም።

ኤከርት ምን አደረገ? ቱቦዎቹን ፋብሪካው ከፈቀደላቸው ቮልቴጅ በታች አሠራቸው። ሙሉ አቅማቸውን አልጠየቃቸውም። በትልልቅ ማራገቢያ አየር እያስነፋ ሙቀቱን አስወጣ። መጀመሪያ በየቀኑ ብዙ ቱቦ ይቃጠል ነበር፤ ኋላ በሁለት ቀን አንድ ያህል ሆነ። ከአሥራ ሰባት ሺህ ውስጥ በሁለት ቀን አንድ! ለእኔ የኢኒያክ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በሰከንድ አምስት ሺህ ድምር መደመሩ ያስጨበጭባል፤ ነገር ግን ደማሪው በሕይወት ካልቆየ ፍጥነቱ ምን ይፈይዳል?

ማሽኑን ለስሌት የሚያሰናዱት ደግሞ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ኬይ ማክናልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስና ሩት ሊክተርማን። ገመድ እየነቀሉ፣ ገመድ እየሰኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እየለወጡ ነበር የሚያዙት። ሲበላሽ የሞተውን ቱቦ ለይተው እስከ ማግኘት ድረስ አካሉን ያውቁት ነበር። ማሽኑ ሲመረቅ ግን ማንም ስማቸውን አልጠራም። ለዚህ ነው እኔ አንድ በአንድ የጠራኋቸው።

አሁን ወደ 1947 ታኅሣሥ እንሂድ። ቤል ላቦራቶሪ የሚባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ውስጥ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴይን ጀርማኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር ቁራጭ ላይ ሁለት የወርቅ ጫፎች አስጠግተው፣ በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን ኮረንቲ አዘዙት። ትራንዚስተር ይኸ ነው። የሚግል ክር የለውም። ሲበራ ሳይሞቅ ወዲያው ይሠራል፤ መጠኑም ኢምንት ነው። አባቶቼ ትራንዚስተር የሚለውን ስም ከኮምፒውተር በፊት የምታውቁት ይመስለኛል፤ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራውን ሬዲዮ ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ የወጣ ሰው በዚህ ቆላ ብዙ ነበር። ቱቦ ያላት ሬዲዮ ብትሆን ኖሮ ያ እንዲህ አይቀልም ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ዊልያም ሾክሊም በወሩ የተሻለ ንድፍ አወጣ፤ ሦስቱ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሾክሊ በኋላ ዘመኑ የጥቁር ሕዝብ አእምሮ በተፈጥሮው ያንሳል የሚል ከንቱ ትምህርት ሲሰብክ ኖሮ ሞተ። ይህን ዘልሎ ታሪኩን ማውራት ይቻላል፤ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ አልዘለልሁትም፣ ምክንያቱም ጥቂት ቆይተን አንድ ጥቁር መሐንዲስ በዚያው መስክ ምን እንደሠራ እናያለን።

ትራንዚስተሩ መጣ፣ ሙቀት ግን አልሸነፍ አለ። ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም። ወደ ሰባና ሰማንያ ዲግሪ ሲጠጋ መክፈትና መዝጋቱን ይረሳል፤ ኮረንቲው ዝም ብሎ ያፈስሳል። ለአውሮፕላንም፣ ለጦር መሣሪያም፣ ለእንደኛ ዓይነት ቆላም አይሆንም። ሲልከን ይሻላል፤ ሲልከን አሸዋ ውስጥ ያለ ነው፣ የሮቢ ወንዝ አሸዋም ሞልቶታል። ግን አጥርቶ ትራንዚስተር ማድረግ ከባድ ነበር።

በግንቦት 1954 ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በሚባል ከተማ የመሐንዲሶች ጉባኤ ተደረገ። ተናጋሪው ሁሉ እየተነሣ የሲልከን ትራንዚስተር ገና ዓመታት ይቀሩታል ሲል ዋለ። ጎርደን ቲል ተራው ደረሰ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል፣ ያኔ ማንም ብዙ የማያውቀው ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ንግግሩን አንብቦ ሊጨርስ ሲል፣ እናንተ የምትሉት እንዳለ ሆኖ እኔ ኪሴ ውስጥ ጥቂት አሉኝ አለ። የሸክላ ማጫወቻ አስቀርቦ የጃዝ ሙዚቃ ከፈተ። የማጫወቻው ድምፅ ማጉያ በጀርማኒየም ትራንዚስተር ነው የሚሠራው። ያንን ትራንዚስተር የፈላ ዘይት ውስጥ ነከረው። ሙዚቃው ቀጥ አለ። በምትኩ የሲልከኑን አስገባና እሱንም ነከረው። ሙዚቃው ቀጠለ። አዳራሹ ተተራመሰ፤ ሰው ስልክ ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ኤሌክትሮኒክስ ቀስ በቀስ ወደ ሲልከን ዞረ። ጀርማኒየም ግን አልሞተም፤ ከ56 ዓመት በኋላ ይመለሳል።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ላሩጣቸው፤ መጽሐፉ ሁሉ ስለ እነሱ ያወራል። ጃክ ኪልቢ በ1958 ክረምት በዚያው በቴክሳስ ኩባንያ አዲስ ተቀጣሪ ስለነበር የዓመት ፈቃድ አልተጠራቀመለትም። ባልደረቦቹ ለዕረፍት ሲበተኑ እሱ ባዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀርቶ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ የመሥራትን ሐሳብ አገኘ። መስከረም 12 ቀን ሠርቶ አሳየ። ዣን ኸርኒና ሮበርት ኖይስ በ1959 ያንን በፋብሪካ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አወጡ። ቺፕ የምንለው ነገር የተወለደው እንዲህ ነው።

አሁን ልቆይበት ወደምፈልገው ሰው መጣሁ። መሐመድ አታላ ይባላል። በ1924 ግብፅ፣ ፖርት ሳይድ ተወለደ። በካይሮ ተማረ፣ አሜሪካ ሄዶ ዶክትሬቱን ሠራ፣ ቤል ላቦራቶሪ ገባ። ያኔ የሲልከን ችግር ገጹ ላይ ነበር። የሲልከን ቁራጭ ላይኛው ፊት ኮረንቲን እየያዘ ያስቀራል፤ ውስጡ ጥሩ ሆኖ ፊቱ ያበላሸዋል። አታላ ሲልከኑን እጅግ በጋለ ምድጃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር አኑሮ በላዩ ቀጭን የብርጭቆ ሽፋን አበቀለበት። ያ ሽፋን ፊቱን አሳረፈው። ሙቀትን የሚጠላውን ዕቃ ያዳነው በሙቀት ነው ማለት ነው። ከኮሪያ ተወላጁ ዳዎን ካንግ ጋር ሆኖ በዚህ ሽፋን ላይ የቆመ አዲስ ትራንዚስተር በ1959 ሠሩ፤ ሞስፌት ይባላል። አሠሪዎቻቸው መጀመሪያ ብዙም ግምት አልሰጡትም። ዛሬ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በቢሊዮን የሚቆጠር ሞስፌት አለው። የሰው ልጅ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አታላ በዚህ አላበቃም፤ በ1970ዎቹ የራሱን ኩባንያ መሥርቶ፣ የባንክ ደንበኛ የምስጢር ቁጥር በመስመር ሲጓዝ እንዳይሰረቅ የሚጠብቅ ሣጥን ሠራ። ኤቲኤም ላይ አራት ቁጥር በነካችሁ ቁጥር የዚህ ግብፃዊ ሥራ አብሯችሁ አለ። 

ፍራንክ ዋንላስ በ1963 ሁለት ዓይነት ሞስፌቶችን አጣመረ። አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ቺፑ ሥራ ሲፈታ ኮረንቲ አይፈስበትም ለማለት ይቻላል። ይህ ሲሞስ የሚባለው ጥምረት ባይኖር ዲጂታል የእጅ ሰዓት በአንዲት ትንሽ ባትሪ ዓመት አትሠራም ነበር። ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራ ቺፕ፣ 4004 ይባላል፤ በውስጡ 2,300 ትራንዚስተር ነበረው፤ ፌዴሪኮ ፋጂን፣ ቴድ ሆፍ፣ ስታን ሜዘርና ማሳቶሺ ሺማ ሠሩት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እጥፍ እየሆነ ሄደ።

የስልክ ፕሮሰሰር ግን ከሌላ ዘር ነው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ኤኮርን የሚባል አነስተኛ የኮምፒውተር ኩባንያ ነበር። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አዲስ ፕሮሰሰር እንዲነድፉ ተፈቀደላቸው። አለቃቸው በኋላ ሲቀልድ፣ ሌሎቹ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ያልሰጡትን ሁለት ነገር ሰጠኋቸው፣ ሰውም ገንዘብም አልሰጠኋቸውም ይል ነበር። ቺፑ በርካሽ የፕላስቲክ ልባስ እንዲታሸግ ፈለጉ፤ ፕላስቲክ ደግሞ ከአንድ ዋት በላይ ከሞቀ ችግር ነው። ስለዚህ ቀላል አድርገው ነደፉት። ሚያዝያ 26 ቀን 1985 የመጀመሪያው ቺፕ ከፋብሪካ መጣ። ሰኩት፣ ሠራ። ፈርበር ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚወስድ ሊለካ ሜትሩን ሲያገናኝ ዜሮ አነበበ። ሜትሩ ተበላሽቶ ነው? አይደለም። የኃይል መስመሩ ጨርሶ አልተገናኘም ነበር። ቺፑ በጎን በሚገቡት የመልእክት ሽቦዎች ሾልኮ በመጣ ኮረንቲ ብቻ ይሠራ ነበር! ይህ ቺፕ አርም ይባላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ፣ ትንሿ ቁልፍ ያላትም ብትሆን፣ የዚያ ቺፕ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አላት ብዬ ብወራረድ አልበላም። ለማሞቅ አቅም ያልነበራቸው ሁለት ሰዎች የሠሩት ቺፕ፣ ማራገቢያ ሊገባበት በማይችል ኪስ ውስጥ ገባ።

ትልልቆቹ በተቃራኒው ነው የሄዱት። በ1985 የወጣው የኢንቴል 386 ቺፕ ማራገቢያ አያስፈልገውም ነበር፤ በ2004 የነበረው ፔንቲየም 4 ከመቶ ዋት በላይ ይፈጃል፣ ያለ ማራገቢያ ለአፍታም አይቆይም። በዚያው ዓመት ኢንቴል ቀጣዩን ፈጣን ቺፕ ሰረዘ፤ በ4 ጊጋኸርዝ ፍጥነት ሊያወጣ ያሰበውንም ተወው። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈጀው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንስ ነበር፤ አሁን ግን ከማነሱ ብዛት ተዘግቶ እያለ ማፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች አስተውላችሁ ከሆነ፣ የፍጥነቱ ቁጥር ለብዙ ዓመታት ሦስት አራት ጊጋኸርዝ አካባቢ ቆሞ፣ በምትኩ ባለ ሁለት ኮር፣ ባለ አራት ኮር፣ ባለ ስምንት ኮር መባል ተጀመረ። አንዱ በሬ ከዚህ በላይ አልሮጥ ስላለ ሌላ በሬ ተጠመደ።

ሌላም ችግር መጣ። ቺፑ ራሱ ብቻ ሳይሆን ከቺፕ ወደ ቺፕ የሚሄደው የመዳብ ሽቦም ኃይል ይበላል። መልእክቱ በፈጠነ ቁጥር መዳቡ ብዙ ያባክናል፤ ያ ብክነት ሙቀት ነው። በትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከላት ውስጥ ማሽኖች ከማስላታቸው ይልቅ እርስ በርስ በመነጋገራቸው የሚሞቁበት ደረጃ ላይ መድረስ ያሰጋ ጀመር። መፍትሔው ይታወቃል፦ መልእክቱን በብርሃን መላክ። ከባሕር በታች ያለው የኢንተርኔት ገመድ በብርሃን ነው የሚሠራው። ጥያቄው ብርሃኑን ቺፑ ውስጥ፣ ከትራንዚስተሩ ጎን እንዴት እናስገባው የሚለው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ዶክተር ሰለሞን አሰፋ የሚመጣው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ ፊዚክስንና ኤሌክትሪካል ምህንድስናን አጣምሮ ተማረ፣ ዶክትሬቱንም በ2004 ከዚያው አገኘ። ከዚያ አይቢኤም ተቀጠረ፤ ያዙልኝ ያልኋችሁ የሆለሪዝ ቤት። በዩሪ ቭላሶቭ ከሚመራው የምርምር ቡድን ጋር ሆኖ ብርሃንን ወደ ሲልከን ማስገባት ሥራው ሆነ።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ለመልእክት የሚውለው ብርሃን ዓይን የማያየው ዓይነት ነው። ሲልከን ለዚያ ብርሃን እንደ መስተዋት አሳላፊ ነው። ለማጓጓዝ ጥሩ፤ ለመያዝ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የሚያሳልፈውን ነገር አይይዘውም። ብርሃኑን ይዞ ወደ ኮረንቲ የሚለውጠው ማን ነው? ጀርማኒየም! ጎርደን ቲል ዘይት ውስጥ ያሳፈረው ጀርማኒየም። የጀርማኒየም መቀበያ ውስጥ ብርሃኑ አንድ ኤሌክትሮን፣ ማለትም አንዲት የኮረንቲ ቅንጣት፣ ያስነሣል፤ ያ ኤሌክትሮን ሌላውን ይገፋል፣ ሁለቱ ሌሎችን ይገፋሉ፤ ደካማው ምልክት በአንድ ጊዜ ይጎለብታል። ዳሩ ግን ጀርማኒየም ሲያጎላ ጫጫታም ያበዛ ነበር፣ እንደዚያ እንዲሠራም ሃያና ሠላሳ ቮልት ይጠይቃል። በቺፕ ውስጥ ያን ያህል ቮልት የለም።

ሰለሞንና ባልደረቦቹ ፌንግኒያን ሺያና ዩሪ ቭላሶቭ ማጉሊያውን ክፍል በናኖሜትር ልክ አሳነሱት። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ለመራወጥ ቦታ ሲጠባቸው ጫጫታው ቀነሰ። በመጋቢት 2010 ኔቸር በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ መጀመሪያ የሰፈረው የሰለሞን ስም ነው። መቀበያው በሰከንድ 40 ቢሊዮን የመልእክት ምልክት ይቀበላል፤ የሚፈልገው 1.5 ቮልት ብቻ ነው። 1.5 ቮልት ስንት ነው? ሱቅ ሄዳችሁ ለእጅ ባትሪ የምትገዟት አንዲት ድንጋይ ልክ ያን ታህል ናት። በ2011 የዚያው የማሳቹሴትስ ተቋም መጽሔት ከ35 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ፈልሳፊዎች ተርታ አስገባው። በ2012 መጨረሻ ደግሞ የአይቢኤም ቡድን ብርሃኑንና ትራንዚስተሩን በአንድ ሲልከን ላይ፣ በተለመደው የቺፕ ማምረቻ መንገድ ማምረት እንደሚቻል አሳየ። ይህ ሁለተኛው ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በላቦራቶሪ አንድ ዕቃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካው ምድጃውንና መሣሪያውን ሳይለውጥ በሺህ የሚያወጣው ማድረግ ግን የመሐንዲስ ትልቁ ፈተና ነው።

ሰለሞን ከዚያ ወደ አፍሪካ ዞረ። በጆሃንስበርግ በ2016 የተከፈተውን የአይቢኤም የምርምር ማዕከል መራ፣ ኋላም በአፍሪካ ያለውን የኩባንያውን ምርምር በኃላፊነት ያዘ። ለምን ከናኖሜትር ወጥቶ ወደ ጤናና ግብርና ጥናት ሄደ የሚሉ የሙያ ሰዎች ገጥመውኛል። እኔም ብርሃኑን ባልተወ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን የራሱ ምርጫ ነው።

አሁን ወደ ገበያችን እንውረድ። ከዋናው መንገድ ዳር ስልክ የሚጠግኑ ልጆቻችንን ሥራ ቆማችሁ ተመልከቱ። ስልኩን ሲከፍቱ ከፕሮሰሰሩ በላይ ስስ ቆርቆሮ አለ፤ ከሥሩ ግራጫ ቅባት ወይም ለስላሳ ነገር ተለጥፏል። ያ ቅባት ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ቆርቆሮው የሚያሻግር ድልድይ ነው። ጠጋኙ ቅባቱን ጠርጎ መልሶ ካልቀባው ስልኩ ይሠራል፤ በኋላ ግን ይሞቃል፣ ይዘገያል፣ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ቺፑን ለመንቀል ትኩስ አየር ይነፋበታል፤ ዛሬ የሚሠራበት እርሳስ የሌለው ብየዳ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙቀት ያልገደለው ቺፕ፣ ሲሠራ መቶ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለምን ያጠፋል? ኮረንቲ የሌለበት ሲልከን ሙቀት ይችላል። ኮረንቲ ያለበት ግን ሲሞቅ ያፈስሳል፣ ሲያፈስስ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ያፈስሳል። መጨረሻው አይታወቅምና ቀድሞ ይዘጋል። ስልካችሁ ቀትር ላይ የስክሪኑን ብርሃን ሲቀንስና ሲንቀራፈፍ አላረጀም፤ ፍጥነቱን ሸጦ ቅዝቃዜ እየገዛ ነው። ሽፋኑን አውልቁለት፣ ከፀሐይ አንሡት፣ በዚያ ሰዓት ቻርጅ አታድርጉት። ባትሪው ከቺፑ ይልቅ ሙቀትን ይፈራልና ሲያብጥ ካያችሁም በጥርስም በቢላም አትንኩት።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በዓለም የታወቁ ስልክ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላሉ። አንዳንዶቹ ከፍታውንም እስከ 3,000 ሜትር ብለው ይወስናሉ፤ አየር ሲሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ይቀንሳልና። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የመጣ ሰው ጣርማ በር ላይ ከከፍታው ወሰን ያልፋል፤ እዚህ 1,280 ሜትር ላይ ወርዶ በግንቦት ቀትር ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ሲያኖረው ደግሞ ከሙቀቱ ወሰን ያልፋል። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ደንብ ጣሰ ማለት ነው፤ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ችሎ ያልፋል። እነዚህን ቁጥሮች ያወጡት መሐንዲሶች ጎበዞች ናቸው፤ ይፋት ውስጥ ክረምትና በጋ ከርመው ግን አያውቁም።

የመንገድን ሙቀት መለካት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የወጣው የእንግሊዝ ልዑክ የሙቀት መለኪያ ይዞ ነበር፤ መሪው ሃሪስ የመንገዱን ሐሩር በቁጥር ጽፎ ለአገሩ ሰው አስነበበ። እኛ ዛሬ ማወቅ ያለብን ጥላ ሥር ያለውን አየር ብቻ አይደለም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሱቅ ውስጥ፣ በባጃጅ መስታወት ሥር፣ በማሾ ማሳ ዳር በገበሬው ደረት ኪስ ውስጥ ስንት ዲግሪ ይደርሳል የሚለውን ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ደብተር መመዝገብ ትችላላችሁ። ጥገና ቤት ያላችሁት ደግሞ በየወሩ የመጣላችሁን ያበጠ ባትሪና በሙቀት የተጎዳ ቦርድ ለየብቻ ቁጠሩ። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ላሉ የኤሌክትሪክ መምህራን ማሳየት ነው። ስልክ አስመጪውም፣ ገጣጣሚውም፣ የባንኩ ኤቲኤም ተካዩም ያንን ቁጥር ይፈልገዋል፤ ዛሬ ቢጠይቃችሁ የምትሰጡት የላችሁም። መለኪያው ከአንድ ስልክ ሽፋን ብዙ አይወደድም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከኋላ ያሉት ወጣቶች ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።